ዳኛ ወይስ የሕዝብ ድምፅ? ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ፍርዶች በሰሜን ሸዋ ልጆች መድረክ የተነሳ ክርክር

የመነሻ ጽሑፉ የኔ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በጥብቅና ሥራ እተዳደራለሁ። የሰሜን ሸዋ ሰዎች ስለ ሕግ በምንጨዋወትበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አነሳሁ። ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች፣ ማለትም ክሩ፣ ረዘመ፤ መሃል ላይም ጦፈ። የተባለውን በየመልሱ ተራ ቁጥር እየተከተልኩ፣ ጸሐፊዎቹንም በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የውጭ አገሮቹን ቀኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። አሜሪካ፣ ደቡብ አፍሪካና ታይዋን ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በር የከፈተው ፍርድ ቤት ነው። አብዛኛው ሰው የማይቀበለውን ሰው መጠበቅ የዳኛ ሥራ ነው ወይ? አቋሜን አልደበቅኩም። ነው ብያለሁ። ሕዝብ የወደደው ሰው ፍርድ ቤት ደጅ አይጠናም። የሚጠናው የተጠላው ነው።

የኛን አገር ሕግም ማንም እንዳይሳሳት ከላይ አስቀመጥኩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻን የወንዶችና የሴቶች መብት አድርጎ ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ደግሞ በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል። ይህን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው እነዚያ ዳኞች ፊት ምን ቀርቦ ምን እንደተወሰነ ነው። ስለዚህ ሁለት መዝገብ በዝርዝር ተረክሁ።

አንደኛው የኢዲት ዊንዘር ነው። ኒው ዮርክ ትኖር የነበረች ሴት ናት። ከቲያ ስፓየር ጋር ከ40 ዓመት በላይ አብረው ኖረው በ2007 ካናዳ ሄደው ተጋቡ። ስፓየር በ2009 ሞተች። የፌዴራሉ መንግሥት ጋብቻውን ስለማያውቀው ዊንዘርን እንደ ባዳ ቆጥሮ 363,053 ዶላር የውርስ ግብር አስከፈላት። ባልና ሚስት ቢሆኑ ግብሩ አይኖርም ነበር። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደላት።

ሁለተኛው የጂም ኦበርገፌል ነው። የኦሃዮ ሰው ነው። አብሮት የሚኖረው ጆን አርተር ጡንቻን ቀስ በቀስ በሚያዝል በሽታ አልጋ ላይ ውሎ ነበር። ኦሃዮ አያጋባቸውም። የሕክምና መሣሪያ ያለው ትንሽ አውሮፕላን ተከራዩና ወደ ሜሪላንድ በረሩ። አርተር መነሳት ስለማይችል ባልቲሞር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ተጋቡ። ከሦስት ወር በኋላ አርተር ሞተ። ክርክሩ የተነሳው በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ነው። የትዳር ጓደኛ በሚለው መስመር የኦበርገፌል ስም ይጻፍ ወይስ መስመሩ ባዶ ይቅር? ጁን 26 ቀን 2015 ፍርድ ቤቱ ስሙ ይጻፍ አለ። ጋብቻውም በ50ዎቹ ግዛቶች ሁሉ መብት ሆነ። የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ናቸው።

ቁጥር 1 መሃል ሜዳ የሚያስተምር ሰው ነው። በትሕትና አመሰገነ። ጋብቻውን እንደማይቀበል ከመጀመሪያው ተናገረ። የወረቀቱ ነገር ግን ከአእምሮው አልወጣም። ሰው ከሞተ በኋላ ያ መስመር ባዶ ቢሆን ማን ይጠቀማል ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 2 ይህ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ ይዘጋ ብሎ ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።

ቁጥር 3 የሕግ ተማሪ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፣ ልዩነት የማይደረግባቸውን ነገሮች ዘርዝሮም በሌላ አቋም የሚል ሰፊ በር ይተዋል አለ። ስለዚህ የኛም ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ቀን እንደ አሜሪካው አንድን ሕግ ሊሽር ይችላል ብሎ ደመደመ።

ቁጥር 4 እዚህ ላይ ገቡ። ለረጅም ጊዜ በዳኝነት ያገለገሉ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጁን ሸንቆጥ አደረጉት። አንቀጽ 62ንና 83ን ሳታነብ ፈተና እንዳትቀመጥ አሉት። እኛ ዘንድ ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት አሉት። የሚሰበስቡት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ናቸው። ጉባኤው ግን አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ያየነው እዚያ ጉባኤ ፊት ነው። የወሰነው ምክር ቤቱ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በአራት መስመር ጨረሱት።

በቁጥር 5 የመለስኩት ይህን ይዤ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ወኪሎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ በየአንድ ሚሊዮኑ አንድ ይጨመርለታል። ለሕዝቦች መብት የቆመ ቤት ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ብቻውን የቆመን ሰው የሚወክል ወንበር እዚያ ውስጥ የለም። ከብሔሩም ከሃይማኖቱም ከጎረቤቱም የተለየ ሰው አቤቱታውን ለብዙኃኑ ወኪሎች ነው የሚያቀርበው። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ የመተርጎሙ ሥልጣን ለፍርድ ቤት ይሰጥ ያልኩትም ለዚህ ነው። ዊንዘር ጉዳይዋን ለእንደዚህ ዓይነት ምክር ቤት አቅርባ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ደጋፊ ስትቆጥር ነበር የምትከርመው።

ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። ፍርድ ቤቶቻችን እጃቸው ሙሉ በሙሉ አልታሰረም። መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የተሰጠውን ፍርድ አነሳሁ። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አክስቱ ታሳድገዋለች። አባት መጥቶ ልጄን ስጡኝ ይላል። የበታች ፍርድ ቤቶች አባት አባት ነው ብለው ሰጡት። ሰበር ግን የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ውሳኔውን ሻረ። መሠረቱም ሕገ መንግሥቱና ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው። ቤተሰብ በደም ብቻ እንደማይለካ ያ ችሎት አሳይቷል።

ቁጥር 6 የሞላሌ ሴት ናት። እኔ እንደምወደው አድርጋ ጻፈች። የአክስቷ ባል ሞተ። ጋብቻው በሽማግሌ የተፈጸመ ነው፤ ወረቀት የለም። የሟች ወንድሞች ሠራተኛ እንጂ ሚስት አይደለችም ብለው መሬቱንና በጎቹን ያዙ። አክስቷ ከሰሰች። ዳኛው ጎረቤቶችን አስጠሩና እያንዳንዱን ለብቻው ጠየቁ። ባልየው ሲሞት ከል የለበሰችው ማን ናት? ለቀስተኛ የተቀበለው ማን ነው? ተዝካሩን የደገሰውስ? ሁሉም እሷ ናት አሉ። ሚስትነቷ ጸና። ቁጥር 6 የወንድና የወንድን ጋብቻ እንደማትደግፍ በግልጽ ጽፋለች። ሆኖም አብሮ የኖረን ሰው ባዳ ነህ ሲሉት ምን እንደሚመስል ቤቷ ድረስ መጥቶ አይታዋለች።

ይህ የዳኛው ቸርነት ብቻ አልነበረም። የቤተሰብ ሕጋችን ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ይዘው መኖራቸውንና ሰውም እንደዚያ ያያቸው እንደነበር በማስረዳት ጋብቻን ለማረጋገጥ መንገድ ሰጥቷል። ጋብቻ ሳይፈጽሙ አብረው ለኖሩም የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆዩ በጋራ ያፈሩትን ንብረት የጋራ ያደርግላቸዋል።

ከዚያ ክሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ቁጥር 7 የሰማንያ ጋብቻ ከቁርባን ጋብቻ በምን ይለያል ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 8 ደግሞ የደሞዝ ጋብቻ በአያቶቻችን ዘመን እንዴት ይደረግ እንደነበር በሰፊው ተረከ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር፣ ለራሱ ክር ይበቃል። ለኔ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው። ጋብቻ እዚሁ እኛ ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ቁጥር 9 የአንኮበር ዲያቆን ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ በጨዋ ደንብ ገባ። የፈራው ቤተ ክርስቲያን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታጋባ ትባላለች ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ መለስኩለት። የአሜሪካው ፍርድ ያዘዘው መንግሥትን ነው። የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠውን ቢሮ ነው። ሃይማኖቶች የሚያምኑትን ማስተማር እንደሚቀጥሉ ፍርዱ ራሱ ጽፎታል። በደቡብ አፍሪካም የሃይማኖት አባት ያለ እምነቱ እንዲያጋባ አይገደድም። ዲያቆኑ ተረድቼሃለሁ አለ። ኃጢአት ኃጢአት መሆኑን ግን አልለቀቀም። እኔም እንዲለቅ አልጠየቅኩትም።

ቁጥር 10 ከክሩ ሁሉ የበሰለውን ተቃውሞ አመጣ። በምርጫ የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለው እሞክራለሁ ይላል፣ በፍርድ ቤት የተሸነፈ ግን ተቀማሁ ይላል ነው ሐሳቡ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በ2015 ፍርድ ላይ በልዩነት የጻፉትም ይህንኑ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ 11 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ጉዳዩን በሕግ አውጪ ወይም በሕዝብ ድምፅ ለውጠው ነበር። ሮበርትስ ክርክሩ በራሱ ጊዜ ይብሰል፣ አምስት ዳኞች አይዝጉት አሉ። ቁጥር 10 ጋብቻውን ቢደግፍ እንኳ በዚህ መንገድ እንዲመጣ እንደማይፈልግ ጨመረ።

በቁጥር 11 ረዘም አድርጌ መለስኩ። ትዕግሥት ጥሩ ነው፣ ግን የማን ትዕግሥት? ጆን አርተር የቀሩት ወራት ነበሩ። ክርክሩ በአገሩ ሁሉ እስኪበስል ይጠብቅ ማለት አንተ ሳታየው ሙት ማለት ነው። ደግሞ ፍርድ ቤት ሁልጊዜ በር አይዘጋም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 1 ቀን 2005 ዳኛ አልቢ ሳክስ በጻፉት ፍርድ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ ማስተካከሉን ግን ለፓርላማው ተወለት። አንድ ዓመት ሰጠው። ሕጉ ኖቬምበር 30 ቀን 2006 ወጣ፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው። ታይዋን በ2017 ሁለት ዓመት ሰጠች። መሃል ላይ በ2018 ሕዝቡ በድምፅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አይነካ አለ። ምክር ቤቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሳይነካ ለብቻው የቆመ ሕግ በሜይ 2019 አወጣ። የሕዝቡም ቃል ተሰማ፤ የፍርድ ቤቱም ትእዛዝ ተፈጸመ። ቁጥር 10 ደቡብ አፍሪካን ተቀበለ፣ በታይዋን ላይ ግን አልተስማማንም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ክፍል 9 ላይ የፆታ ዝንባሌን በስሙ ጠርቶ ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል። ዳኞቹ ከኪሳቸው አላወጡትም። አፓርታይድ ሰዎችን በጋብቻቸውና በመኝታቸው ሳይቀር ሲቀጣ የኖረ ሥርዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው ያ ቁስል ሳይሽር ነው።

ቁጥር 12 ከደብረ ሲና ነው። ዳኛ ምን አለበት፣ ፈርዶ ቤቱ ይገባል አለ። ጋሼ በዚህ ተቆጡ። እኔም ተቆጥቻለሁ። አዮዋ ውስጥ በ2009 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ጋብቻውን ፈቀዱ። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ተራቸው የደረሰው ሦስት ዳኞች በመራጩ ድምፅ ወንበራቸውን አጡ። ፍርዱ ግን ጸና። ጋሼ በዳኝነት ዘመናቸው ከችሎት ወጥተው ገበያ ሲሄዱ ሰላምታ የነፈጓቸውን ሰዎች አስታወሱ። ስለ ምን ጉዳይ እንደሆነ አልነገሩንም።

ቁጥር 13 አሜሪካኖቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተውበት ነው የጸደቀው አለ። ያ አየርላንድ ነው። በሜይ 22 ቀን 2015 ሕዝቡ 62 በመቶ ደገፈው። አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያ ሕዝብ ያደረገው ተቃራኒውን ነው። የግዛቱ ፍርድ ቤት በሜይ 2008 የፈቀደውን መራጩ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በ52 በመቶ ድምፅ ነጠቀው። ይህን ያረመው ተማሪው ቁጥር 3 ነው። አንቀጽ 83ን አንብቦ መምጣቱንም ነገረን። ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክሉ ሕጎችንም አነሳ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ሲሽራቸው 16 ግዛቶች ውስጥ ገና በሥራ ላይ ነበሩ። አላባማ ክልከላውን ከሕገ መንግሥቷ የፋቀችው በ2000 ነው። ዳኞቹ አላባማ እስክትወስን ቢጠብቁ 33 ዓመት ይጠብቁ ነበር።

ቁጥር 14 የክሩን መልክ ለወጠው። በውጭ ገንዘብ ተገዝተህ ነው አለኝ። የመንዝን ልጆች ልታበላሽ ነው አለ። የቢሮዬን አድራሻ አውቀዋለሁ ብሎም ጻፈ። ቁጥር 15 ከዚያ ብሶ የማይደገም ነገር ስላስቀመጠ አወያዮቹ አነሱት። ገንዘብ ከማንም አልተቀበልኩም። ስለ ፍርድ ቤት ሥልጣን መነጋገርን የሚከለክል ሕግም የለም። ከዚያ በላይ አልመለስኩም። በመድረኩ ውስጥ ዝም ብለው የሚያነቡ ሰዎች እንዳሉ ግን አውቃለሁ። ስድቡ እኔ ላይ ሲወርድ ዋናውን ምት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁጥር 16 ጋሼ ናቸው። እሳቸው ጋብቻውን ይቃወማሉ፣ ደጋግመው ብለውታል። ቢሆንም ቁጥር 14ን ተቀመጥ አሉት። ተከሳሹን ሳትሰማ የምትፈርድ ከሆነ የሕግ መድረክ ላይ ምን ትሠራለህ ዓይነት ነገር ነው የጻፉት። ሰውየው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ቁጥር 17 የደነባ ልጅ ነው። አሁን ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ይሠራል። ከ2015 በፊት ያስታመማትን አንዲት አሮጊት አስታወሰ። ለብዙ ዓመት አብራት የኖረች ሌላ አሮጊት በየቀኑ ትመጣለች። መግቢያው ላይ ቅጽ ይሞላል። ዝምድና በሚለው ቦታ ሴትዮዋ ጓደኛ ብላ ትጽፋለች። በሽታው ሲጠና ከሩቅ ግዛት ወንድም መጣ። እህቱን በቅጡ አያውቃትም። ፊርማው ግን የሱ ሆነ። ወደ ሌላ ቦታ ወሰዳት። ያቺ ሴት ያጠበችውን የሌሊት ልብስ በከረጢት ይዛ መጥታ አልጋው ተነጥፎ አገኘችው። ቁጥር 17 ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ፣ ሕጉ ሲለወጥ ግን ደስ አለኝ ብሎ ጻፈ።

ለዚህ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ማንም አልመለሰም። በመጨረሻ መልስ የሰጠችው የሞላሌዋ ሴት ናት። ያቺ አሮጊት የቀብሩን ቀን ሰምታ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። አልሰማችም አላት።

ቁጥር 18 ወደ አፍሪካ መለሰን። ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ጠባቂ አይደለም አለ፣ እውነቱን ነው። የቦትስዋና ፍርድ ቤት በ2019 ግንኙነቱን ከወንጀልነት አወጣው። በዚያው ዓመት የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቅጣት ሕጉ ይጸናል አለ። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2014 ግንኙነቱን የሚቀጣውን ሕግ የሻረው ፓርላማው ሲያወጣው ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብሎ ነው። በ2023 የወጣውን አዲስ ሕግ ደግሞ በኤፕሪል 2024 አብዛኛውን አጸናው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኦክቶበር 2023 ጋብቻውን መፍቀድ የፓርላማ ሥራ ነው ብሎ አመልካቾቹን መለሳቸው።

ቁጥር 19 በዚያው ላይ ቀጠለ። ዳኛ የሰጠውን ዳኛ ይወስደዋል አለ። የአሜሪካው ፍርድ ቤት በጁን 2022 ለግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየውን የፅንስ ማቋረጥ መብት ሽሯል። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በዚያው ቀን የጋብቻውም ፍርድ ይፈተሽ ብለው ጻፉ። ኮንግረሱ የደነገጠው ለዚህ ነው። በዲሴምበር 2022 አንዱ ግዛት በሌላው ግዛት የተፈጸመን ጋብቻ እንዲያውቅ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ፍርዱ ቢሻር ግን ያ ሕግ ብቻውን ግዛቶችን አጋቡ አይልም። ቁጥር 19 ያለው ትክክል ነው። ፍርድ በሕግ ካልተደገፈ ባለመብቱ ተረጋግቶ አያድርም። ዳኛው መጀመሪያ ባይፈርድ ግን ኮንግረሱ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም ነበር።

ቁጥር 20 የመሬት ደብተር ላይ የሚስቱ ፎቶ ሳይለጠፍ ቀርቶ እየተመላለሰ እንደሆነ ነገረን። ቁጥር 21 የትኛው መስኮት እንደሚሄድ አሳየው። ቁጥር 22 ችሎት በመብራት መጥፋት ቀጠሮ ስለሚራዘምበት ነገር አማረረ፤ ሁለት ሦስት ሰው ተቀበለው።

በመጨረሻ ቁጥር 23 ጋሼ ናቸው። ለኔ ነው የጻፉት። ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ለፍርድ ቤት ይሰጥ ማለቴን በመርህ ይቀበሉታል። ግን ዳኛውን የሚሾመው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የፌዴራል ዳኞችን የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የክልሉን የጠቅላይና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ሹመቱና የዳኛው ደህንነት ካልተስተካከለ ሥልጣኑን ብንጨምርለት የተጠላውን ሰው አይጠብቅም ነው ክርክራቸው። እኔ ሥልጣኑ ይቅደም እላለሁ። ዳኛ የሚደፍረው ሥልጣን ሲኖረው ነው። እሳቸው ደህንነቱ ይቅደም አሉ። አልተግባባንም። አወያዮቹ ክሩን ሊዘጉት ሲሉ ተማሪው ስለ ዳኞች አሿሿም አዲስ ክር ከፈተ። የመጀመሪያውን መልስ ጋሼ እየጻፉ ነው።